የአባቴ ወገብና የወንድሜ መኪና

አባቴ የወንድሜን መኪና መጀመሪያ የተሳፈረ ቀን ከበራችን ተነስተን የደረስነው እስከ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ብቻ ነው። የሆሳዕናን ኮብልስቶን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተዋል። መኪናዋ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ትዘላለች፤ አባቴ በእያንዳንዱ ዝላይ ጥርሱን ይነክሳል። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ «አቁሚ» አለኝ። አቆምኩ። በሩን ራሱ ከፈተ፣ ጣሪያውን ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ምርኩዙን ተቀበለኝና ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉት ሁሉ እየሰሙ «ይሄ ወንፊት እንጂ መኪና አይደለም» አለ። ከዚያ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

መኪናዋ ቀይ፣ ሁለት በር ያላት፣ ከኋላ ቦርሳ እንጂ ሰው በቅጡ የማይገባባት የስፖርት መኪና ናት። ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ለሰርጉ ሲመጣ አዲስ አበባ ላይ ገዛት፤ ሦስት ወር ነድቷት ሲመለስ ቁልፉን ለእኔ ትቶ ሄደ። በከተማችን ሰው ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ቤት ይሠራል፣ ወይም ሚኒባስ ይገዛል። ወንድሜ ቀይ መኪና ገዛ። «ሽጪያትና ባጃጅ ግዢ» ያላለኝ ጎረቤት የለም። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ የምተይብ ሰው ነኝ። በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ መኪናም እንደዚያው፣ ከመንጃ ፈቃዱ ትምህርት በቀር። ስለዚህ ሰው «ይሄ ለአንቺ አይሆንም» ሲለኝ ጆሮዬ ብዙ አይሰማም።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወገቡን የዲስክ መንሸራተት ያዘው። ከዚያ ወዲህ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ነው። የትውልድ ቤቱ ዶዮገና አጠገብ ነው። በእነሱ ቤት የመስቀል በሬ በታላቁ ወንድም ምርቃት ነው የሚታረደው። እሱ ቆሞ ሳይመርቅ ቢላ አይነሳም። ታላቁ አባቴ ነው። ሁለት መስቀል ተከታትሎ ቀረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምርቃቱን በስልክ አስተላለፈ፣ እነሱም ስልኩን ከበሬው ጆሮ አጠገብ ይዘው አሜን አሉ።

ነሐሴ ላይ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ደወለ። አባቴ ጆሮው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያናግረው፤ ስለዚህ እናቴም እኔም ሰማን።

«ወንድምዬ፣ አንተ አትድከም» አለ አጎቴ። «ዘንድሮም ካልመጣህ ምርቃቱን እኔ ልያዘው። ሦስት ዓመት በስልክ አይመረቅም፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ይላሉ።»

«ማን ነው አልመጣም ያለው?»

«በምን ትመጣለህ? ሚኒባስ አትችልም። ይልቅ ፒክአፕ ልላክልህ። ከኋላ ፍራሽ እናነጥፍልሃለን፣ ተኝተህ ትመጣለህ።»

አባቴ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ፍራሹን ለበሬው አንጥፍለት» አለና ስልኩን ዘጋው።

እናቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሦስተኛው መስቀል ካመለጠው ምርቃቱ ከእጁ እንደሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ ለዚያ ቤት የሚጠየቅ በሽተኛ እንጂ የሚጠበቅ ታላቅ እንደማይሆን ያውቃል። ማታ ራት ስንበላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ወንበሩ ግን ደግ ነበር» አለ።

«የቱ ወንበር?»

«የዚያች የወንፊቷ። ግራና ቀኝ ወገቤን ያዘው። የቀረው ነው ክፉ።»

ያን ጊዜ ወሰንኩ። አባቴ ዶዮገና የሚሄደው በዚያ ወንበር ተቀምጦ ነው፤ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ አይደለም።

መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ምክር ነው። እናቴ የፎንቆ ልጅ ናት፤ ወንድሞቿ በሙሉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። እሷ ራሷ መሪ ነክታ አታውቅም፤ ስለ መኪና ግን ከማንም አስተያየት አትቀበልም። «መኪና የሚዘለው ባዶውን ሲሆን ነው» አለችኝ። «ሲጠግብ አደብ ይገዛል። ጫኚበት።» በእኛ አገር መኪና ማለት የጭነት መኪና ስለሆነ ይህን የሚጠራጠር የለም። እኔም አልተጠራጠርኩም። ሁለት ጆንያ ድንች ከኋላ ከተትንና ወደ ከተማው መውጫ ነዳሁ። አስፋልቱ ላይ ደህና መሰለኝ። የመጀመሪያውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስሻገር ግን የመኪናዋ ኋላ በመዶሻ የተመታ ያህል ጮኸ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ዝናብ ነበር፤ ኋላዋ እንደ ጅራት ተወረወረና የቆምኩት አፍንጫዋን ወደ ቦዩ አድርጌ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ወርዶ ገፋልኝ። ጆንያዎቹን አይቶ «እህቴ፣ ለድንቹ አይሻለውም ነበር በእግሩ ቢሄድ?» አለኝ።

በቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲፈታ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ነገር ከመናገሩ በፊት መዳፉን መኪናው ላይ ያሳርፋል፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም። መዳፉን አሳረፈ፤ ከዚያ የኋላ ክፍሉን ከፍቶ አየ።

«ድንች ነው?»

«አዎ ጋሼ። እንድትለሰልስ ብዬ ነው።»

«የመኪና መድኃኒት ብዙ አውቃለሁ፣ ድንች ግን ሰምቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። «እና ተሻላት ወይስ ባሰባት?»

«ባሰባት።»

ሳቁን አቆመ። «ባሰባት?»

ሄዶ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእንሰት ቃጫ አንድ ክር መዘዘ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማዎቹን አወለቀ፣ ሞላው ውስጥ እጁን ሰድዶ ከአሞርዛተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ቃጫውን ጠበቅ አድርጎ አሰረው። አሞርዛተር ማለት የሞላውን ዝላይ የሚገታው ነገር ነው፤ መኪናው ሲወርድ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባል። ቃጫው በወጉ እየተገፋ ይወጣና መኪናው አብዝቶ የወረደበት ቦታ ላይ ይቀራል። «ሰው ይዋሻል፤ ቃጫ አይዋሽም» አለኝ። አራቱንም አሰረ። ድንቹን አራገፍን፤ ከጋራዡ እስከ ገበያው ነድቼ ተመለስኩ።

ቃጫዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ተገፍተው፣ ሞላው መውረጃ ሲያጣ መኪናው የሚያርፍበት የላይኛው የመምቻ ላስቲክ ላይ ተጨፍልቀው ነበር።

መካኒኩ በጣቱ አሳየኝ። «አየሽ? ይቺ መኪና ጠንካራ አይደለችም። መውረጃ ነው ያጣችው። ሞላዋን የሆነ ሰው ቆርጦባታል። ስትቆሚ ሁለት ጣት ቀርቷታል፤ ስትሄጂ ሞላው ላይ አይደለም የምትሄጂው፣ ላስቲኩ ላይ ነው። ድንች ስትጨምሪ ያቺንም ሁለት ጣት ወሰድሽባት።»

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። አልካደም።

«ለመልክ ነዋ ያስቆረጥኩት! ዝቅ ስትል ነው የምታምረው።»

«አባባ አይቀመጥባትም።»

«ሽማግሌ በስፖርት መኪና ምን ይሠራል?»

«መስቀል ይመርቃል።»

«በናትሽ፣ ፒክአፕ ይላክለት። መኪናዬን እንዳትነኪያት።»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አልኩት።

በማግስቱ የሚያብለጨልጩትን ትልልቅ ቸርኬዎቹን ሸጥኳቸው። ጎማቸው ቀጭን ነበር፤ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል ያለው ላስቲክ ከቂጣ አይወፍርም። በምትኩ አነስ ያለ ቸርኬና ወፈር ያለ ጎማ አገኘሁ። ያልተቆረጡ ሞላዎችና አዲስ አሞርዛተሮች አዲስ አበባ ካለ መለዋወጫ ሻጭ በስልክ አዝዤ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከዶሮና ከፍራሽ ጋር ታስረው መጡ። መካኒኩ አሮጌውንና አዲሱን ሞላ ጎን ለጎን አቆማቸው። አሮጌው በአንድ ተኩል ዙር ያንሳል። አጭሩን አንስቼ ብዙ ቆየሁበት። እኔም የግጥሜን መስመር እየቆረጥኩ አጭር ከሆነ ጠንካራ ይመስለኝ የነበረበት ጊዜ ነበር። ማንበቡ የሚያንገጫግጭ ነበር። ሰው «ጎበዝ» ይለኝና ሁለተኛ አያነበውም።

ጎሚስታው ጎማውን እንደ ጭነት መኪና አድርጎ ነፋው። «ለጠጠር መንገድ ጠንከር ይሻላል» አለ። የሾፌሩን በር ከፍቼ ከበሩ ዳር የተለጠፈውን የነፋስ መጠን አሳየሁት። «ይሄ የፈረንጅ መንገድ ነው» አለኝ። «ጎማውም የፈረንጅ ነው» አልኩት። እያጉረመረመ አስተነፈሰው።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። ሞላውም ጎማውም ተገጥሞ መኪናዋ ከወንፊትነት ወጥታለች፤ እኔ ግን አልጋ እንድትሆን ፈለግሁ። በስልኬ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ላይ ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው የማረጋጊያ ብረት ከተፈታ መኪና ይለሰልሳል ይል ነበር። ለመካኒኩ ነገርኩት።

«እሱን አትንኪ» አለ።

«ግን ይለሰልሳል?»

«ጭቃም ይለሰልሳል።»

«ጋሼ፣ የምነዳት እኔ ነኝ። ፍታልኝ።»

ፈታልኝ። ያን ቀን ከሰዓት አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ አስቀመጥኩት። ዳቦ ቤቱን አለፍን። ኮብልስቶኑን ጨረስን። ዞር ብሎ አየኝ፤ በመጠኑም ተገርሟል። አስፋልት ላይ ወጣንና የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። መኪናዋ አንድ ጎኗን ጥላ ተዘረረች፤ አባቴ ትከሻዬ ላይ መጣ። በሚቀጥለው ኩርባ ወደ በሩ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«አሁን ደግሞ ጀልባ አደረግሻት» አለ።

«ጉድጓዱ ግን አልመታህም፣ አይደል?»

«ልጄ፣ ጉድጓድ አንዴ መትቶ ይተወኛል። ይሄ ግን ይዞ ያጣምመኛል። ከመጣመም መመታት ይሻለኛል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ምቾትና ኩርባን ጠንቅቆ መያዝ ጠላቶች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መሸጥ ያለብሽ። ወገቡ የታመመ ሰው ነው የነገረኝ ተቃራኒውን። ለእሱ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ እንዲያውም ከሁለቱ ኩርባው ይበልጣል። ማግስቱን ጋራዥ ሄጄ «መልሰው» አልኩ። መካኒኩ ብረቱን አላስቀመጠውም ነበር፤ መኪናዋ በቆመችበት ቦታ አጠገብ ከነብሎኑ ዘርግቶ ነበር የጠበቀኝ። ያ ብቻውን ረጅም ስድብ ነበር። በብረቱ ጫፎች ላይ ያለቁትን ጎሚኒዎች፣ ማቀፊያ ላስቲኮቹን፣ በአዲስ ለወጠ፣ አሰረው፣ ቃጫዎቹን እንደገና አሰረ። ጉድጓድ የበዛበትን የጠጠር መንገድ መርጬ ነድቼ ስመለስ ቃጫው ከላስቲኩ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቆሟል።

«እንግዲህ ውሰጂው» አለኝ።

የእርዱ ዕለት ጠዋት እናቴ አባቴን ካፖርት አልብሳ፣ ቡላና ቅቤ የያዘ ዕቃ እግሬ ስር ካልወሸቅኩ ብላ ተጨቃጭቃኝ፣ ተነሳን። እሷ በሚኒባስ ቀድማ እንድትሄድ ስንለምናት «እኔ የማንንም ወንፊት አልቀድምም» ብላ ከኋላ፣ ቦርሳ በሚቀመጥበት ቦታ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ገባች። ስድሳ ዓመቷ ነው።

መንገዱ ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና ሲወጣ ይጠማዘዛል። ጉሙ አልተነሳም፤ እንሰቱ ግራና ቀኝ ሊታይ ይጀምርና ይጠፋል። ለመስቀል ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ በግ የጫነ ሞተር፣ ሰው የታጨቀበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ። እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ አንዱን ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከመክተት መንገዱን ሙሉ ማየት እመርጣለሁ። አንድ ኩርባ ላይ ቅጥቅጡ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ወጥቶ ፊት ለፊቴ መጣ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። መሪውን ወደ ዳር ሰበርኩ፤ መኪናዋ ሳትዘረር፣ ኋላዋ ሳይወረወር፣ እንዳዘዝኳት ዳሩን ይዛ ዞረች፤ ወዲያው ስመልሳት ተመለሰች። ቅጥቅጡ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። እናቴ ከኋላ በሀዲይኛ የሾፌሩን ዘር ማንዘር ጠራች።

«ወገብህስ?» አልኩት አባቴን።

«ቦታው ላይ ነው» አለ። «ቀጥይ።»

ከአስፋልት ወርደን የጠጠሩን መንገድ ስንይዝ አንዴ ብቻ «እህ» አለ። አንዴ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ግቢው በር ላይ ፒክአፑ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ፍራሽ ተነጥፎበታል፣ ብርድ ልብስ እንኳ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አጎቴ በሬው አጠገብ ነበር፤ ቢላውን ለአራጁ አልሰጠም፣ ራሱ ይዞታል። ቀዩዋን መኪና ሲያይ አፉ ተከፈተ።

«አሁን ልንመጣልህ ነበርኮ!»

ከዝቅተኛ መኪና መውጣት ለአባቴ ትልቅ ሥራ ነው። አጎቴና ሌሎች ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ቀረቡ።

«አትንኩኝ።»

ወደ ኋላ አሉ። መጀመሪያ ሁለት እግሮቹን አወጣ። ጣሪያውን በአንድ እጅ፣ በሩን በሌላው ያዘ። አንዴ ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ግቢው ሙሉ ያያል። ልረዳው ስጠጋ አይኑን አነሳብኝና ቆምኩ። በሁለተኛው ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ፣ ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና ባዶ እጁን በሬው ፊት ሄዶ ቆመ።

ከዚያ መረቀ። በከምባትኛ ነው የመረቀው፤ በስልክ ሲመርቅ ከነበረው አምስት እጥፍ አስረዘመው። የታመመ ይነሳ አለ። የሄደ ይመለስ፤ ሲመለስም ጥሩ መኪና ይግዛ አለ። እንሰቱ ይስባ፣ ላሟ ትታለብ። አጎቴ ቢላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ ይቆማል። አባቴ ወደ እሱ ዞረ።

«በሕይወት ያለ ሰውን ቦታ ለማደል ለሚቸኩልም እግዚአብሔር ልብ ይስጠው።»

«አሜን!» አለ ግቢው። ከሁሉም ድምፁ የጎላው የአጎቴ ነበር።

ውሸት አልጨምርበትም። ማታውኑ ቤታችን ተመለስን፤ በማግስቱ አባቴ ከአልጋ አልተነሳም፤ በሦስተኛውም ቀን አልተነሳም። በዚያ ቀዝቃዛ ግቢ ያን ያህል ሰዓት መቆሙ ይሁን መንገዱ ማንም አያውቅም። እናቴ ጀርባውን በቅቤ እያሸች «ብዬህ ነበር» ልትል አፏን ስትከፍት እጁን አነሳባት፤ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ማታ አጎቴ ደወለ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር።

«ወንድምዬ፣ እንዴት ነህ? ተጎዳህ ሲሉ ሰማሁ። እኔኮ ለአንተ ብዬ ነው፣ ለሚመጣው ዓመት ግን እንደው ብናስብበት…»

አባቴ በጀርባው እንደተኛ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

«አስቤበታለሁ» አለ። «የዘንድሮው በሬ ከሲታ ነበር። ለሚመጣው ዓመት የተሻለ ምረጡ። መጥቼ አየዋለሁ።»